በሽግግር ቀፎ ውስጥ በሰያፍ የሚሠራ የማር እንጀራ
በእጄ የሠራሁትን የሽግግር ቀፎ (ንቦች ከላይ በተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች ሥር የማር እንጀራቸውን የሚሠሩበትን ቀፎ) ስከፍት አንዱን አግዳሚ እንጨት ሳነሣ ሦስቱ ተያይዘው ይነሡ ነበር፤ ንቦቹ እንጀራውን በሰያፍ ስለሠሩት ማሩ እየተቀደደ ይፈስ ነበር። በመጀመሪያ የተጣመመውን በቢላዋ ቆርጬ አቀናሁት፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ተጣመመ። ቀጥሎ የእንጨቶቹን የታች ገጽ ሙሉ በሙሉ ሰም ቀባሁ፤ ይህም መነሻ መስመር ስላልሆናቸው አልረዳም። በመጨረሻ እንጨቶቹን ስለካቸው ወርዳቸው 38 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ለአገራችን ንብ የሚስማማው 32 ስለሆነ፣ በየእንጨቱ የሚተርፈው 6 ሚሊ ሜትር ተጠራቅሞ አምስተኛው ላይ ሲደርስ የአንድ እንጀራ ቦታ ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል፤ ንቦቹም ከእንጨቱ መስመር እየወጡ በሰያፍ ይሠራሉ። እንጨቶቹን ከሁለቱም ጎን በመላጊያ እኩል እየላግሁ ወደ 32 አወረድኋቸው፤ በየእንጨቱ የታች ገጽ መሃል ቀጭን ቦይ አውጥቼ ቅልጥ ሰም አፈሰስሁበት፤ የተረፈውን ክፍተት በተጨማሪ እንጨቶች ከሞላሁ በኋላም ቀፎውን በውሃ ልክ አስተካከልሁ። አሁን እንጨቶቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ።