ለጎንደር ጎዳና ልጆች ገንዘብና ንግድ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሊስትሮ ለሚሠሩ፣ ሶፍትና ማስቲካ ለሚያዞሩ፣ መናኸሪያ ዕቃ ለሚሸከሙ ወጣቶች የገንዘብ አያያዝ ማስተማር የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው አለ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አለ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበሩ አለ፣ የክፍለ ከተማው ባለሙያ አለ። ሁሉም በቅን ልብ ነው የሚመጡት። ሥልጠናው አልቆ ልጆቹ እዚያው የነበሩበት ሲገኙ ግን ጥፋቱ በእነሱ ይላከካል። "ገንዘብ አይበረክትላቸውም" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ጥፋት ያለው በአስተማሪው በኩል ነው። ደግነቱ ሊታረም ይችላል።

ምንም እንደማያውቁ አድርጎ መጀመር

"ገንዘብ ምንድን ነው?" ተብሎ የሚጀመር ሥልጠና ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ በዋጋ ሲከራከር የሚውል ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው ልቡ ይሸፍታል። ልጁ ሒሳብ ያውቃል። የሚቸገረው ዋናውን ከትርፉ ለይቶ መያዝ ላይ ነው።

የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ አዙሮ የሚሸጥ ልጅ እንውሰድ። አንዱን በ18 ብር ገዝቶ በ25 ብር ይሸጣል እንበል። 30 እንቁላል በ540 ብር ገዛ። በሐሳቡ 750 ብር ሸጧል፤ "ትርፌ 210 ነው" ይላል። ሲቀቅል ሁለቱ ፈነዱበት። ሲርበው አንዱን ራሱ በላ። 27 ሸጦ 675 ብር ያዘ። ለከሰልና ለሚጥሚጣ 40 ብር ወጣ። እውነተኛ ትርፉ 95 ብር ብቻ ነው። እሱ ግን 210 አተረፍኩ ብሎ ለእራትና ለአልጋ 150 ብር አወጣ። ሳያውቀው 55 ብር ከዋናው በላ ማለት ነው። በማግስቱ በእጁ የቀረው 485 ብር 26 እንቁላል ብቻ ይገዛለታል። እንዲህ ጥቂት ቀን ከሄደ ዋናው ያልቅና ከሰው መበደር ይጀምራል።

ይህን ስሌት መንገድ ዳር ቁጭ ብላችሁ፣ በልጁ በራሱ ቁጥር አብራችሁት ሥሩ። ደብተር ባይኖር ሁለት ኪስ ይበቃል፤ አንዱ የዋና፣ አንዱ የትርፍ። የፈነዳውም የበላውም ይቆጠር። የራስን ሆድ ከሒሳብ ውጭ ማድረግ የለመደ ልጅ ዘላለም "ብሩ የት እንደሚገባ አላውቅም" እያለ ይኖራል።

ማስቀመጫ ሳያዘጋጁ "ቆጥቡ" ማለት

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ይሄ ነው። ስለ ቁጠባ ጥቅም ሁለት ሰዓት ይሰበካል። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ እጁን ያወጣል። "ጋሼ፣ የት ላስቀምጠው?" መልስ የለም።

በረንዳ የሚያድር ልጅ ኪሱ ውስጥ ብር ይዞ ቢያድር ጉልበተኛ ይቀማዋል። ስለዚህ በቀኑ መጨረሻ ያለውን በልቶ መጨረሱ ቂልነት አይደለም። ነገ የሚወሰድበትን ዛሬ መጠቀሙ ነው። ባለሱቅ ጋ የሚያስቀምጡም አሉ። ታማኝ ባለሱቅ ስንቱን ልጅ አትርፏል። ካልታመነ ግን ልጁ ማስረጃም የሚከስለትም የለው።

ባንክ ልውሰደው ብትሉ መታወቂያ ይጠየቃል። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል። ከገጠር ብቻውን የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ አሳዳጊ አምጣ ይባላል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ ስልክ ላለው ቀለል ብሏል። ግን ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ ጠይቁ። በጓደኛው ስም ከሆነ ብሩም የጓደኛው ነው። ስለዚህ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ማስመዝገብን ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት አስቀድሙት። ምስክር መሆን ካስፈለገ ሁኑላቸው። ቀበሌ ድረስ አብሮ መሄድም የትምህርቱ አካል ነው።

እስከዚያው ዕቁብ አለ። ልጆቹ ቤታቸው ሲጣል አይተውታል፣ ያምኑታል። የቀን ዕቁብ በአነስተኛ ብር ይጀምሩ። ዳኛና ጸሐፊ ራሳቸው ይምረጡ። ግን ዋስ የሚባለውን አትዝለሉት። ዕጣ ወጥቶለት የሚሰወር አንድ ልጅ የቀሩትን እምነት ያፈርሳል። ዋስ የማያገኝ ልጅ ካለ በመጨረሻው ዙር ይውሰድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብር ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ሁልጊዜ አያዋጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ዓመት ሙሉ ብር ያጠራቀመ ልጅ የፈለገው ዕቃ ዋጋ ከፊቱ ይሮጥበታል። የሊስትሮ ሳጥን፣ ብሩሽ፣ ቀለም፣ ጀበና፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ገንዘቡ እንደሞላለት ይግዛ።

የጾምና የክረምት ነገር

የንግድ ዕቅድ ሲሠራ የወሩ ገቢ በ12 ይባዛል። ጎንደር ላይ ይህ አይሠራም። ያ እንቁላል ሻጭ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ገበያው ይቀዘቅዛል። ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ሲመጣ ደግሞ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሰው እንደ ጎርፍ ነው፤ ውኃና ቆሎ የያዘ ሰው ቆሞ አይውልም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ከልጆቹ ጋር የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። በፍስክ እንቁላል፣ በጾም ለውዝ ወይም የድንች ሳንዱች። ይህን ከእናቶች በላይ የሚያስተምራቸው የለም። ከጉልት ቸርቻሪዎች አንዷን እናት ጋብዛችሁ ስታስረዳቸው አዳምጡ።

አበልና አዳራሽ

ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አበል ያለው ሥልጠና ከጠራችሁ ልጆቹ የሚመጡት ለአበሉ ነው። አልፈርድባቸውም። አንድ ቀን ሥልጠና መዋል የአንድ ቀን እንጀራ ማጣት ነው። መፍትሔው ሰዓቱን ከእነሱ ሥራ ጋር ማስማማት ነው። ሊስትሮው ጠዋት ሠራተኛ ወደ ቢሮ በሚገባበት ሰዓት ሥራ ይበዛበታል። ረፋድ ላይ ፋታ ያገኛል። ያኔ አርባ ደቂቃ ይበቃል።

በዚህ ላይ ሴቶቹ ይረሳሉ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ በሥራ ቀን አትመጣም። የምትገኘው በማታ ትምህርት ቤት ወይም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። የእሷ ችግርም ሌላ ነው። ደመወዟ አሠሪዋ ጋ "ተቀምጦልሽ ነው" ተብሎ ወራት ይከርማል፤ ወይ ደላላው ይወስደዋል። ለእሷ የሚያስፈልጋት ደመወዟን በየወሩ በእጇ መጠየቅ መቻል ነው። "እትዬ፣ የወሩን ስጡኝ፣ ለእናቴ ልልክ ነው" የሚለውን ተለማምዳው ትሂድ። ለቤተሰብ የሚላከውንም ብክነት አትበሉት። መጀመሪያውኑ ከቤት የወጣችው ለዚያ ነው።

መነሻ ገንዘብ በጥድፊያ መስጠት

"ተደራጁና ብድር ውሰዱ" ይባላል። አምስት የማይተዋወቁ ልጆች ስማቸውን ያስመዘግባሉ። አንዱ ድርሻውን ይዞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ቢሻገር ዕዳው በአራቱ ላይ ይወድቃል። ብድር ከማሰባችሁ በፊት ዕቁባቸው አንድ ሙሉ ዙር ጨርሶ እንደሆነ እዩ። ያ ካልሆነ ብድሩ ይቆይ።

ሁሉንም ነጋዴ ካልሆነ ማለት

ንግድ የማይሆንለት ልጅ አለ። ጋራዥ ወይም እንጨት ቤት ገብቶ ሙያ ቢለምድ ይሻለዋል። ሕጉን ግን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የ13 ዓመት ልጅ አግኝታችሁ የንግድ ዕቅድ አታሠሩት። ትምህርት ቤት ይመለስ።

ቤቲንግን (የስፖርት ውርርድን) በተግሣጽ ማለፍ

"ቁማር ነው፣ ተው" ቢባል የሚሰማ የለም። ሳንቲም አውጡና ዘውድና ጎፈር ተጫወቱ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ገምተህ አግኝ በሉት። በአማካይ ከ32 ሙከራ አንዱ ነው የሚሳካው። አሁን ወደ ትኬቱ ኑ። አምስት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ እንደ ሳንቲሙ እኩል ዕድል ያለው፣ ኦዱ (ያስያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ለእያንዳንዱ 1.8 ነው እንበል። 20 ብር ያስያዘ አምስቱንም ቢያገኝ 378 ብር ገደማ ይከፈለዋል። 32 ትኬት ለመቁረጥ ግን 640 ብር ያወጣል። ቀሪውን ልጁ ራሱ ይቀንስ። 262 ብር የት እንደገባ ሲጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

ሰርተፍኬት ሰጥቶ መለያየት

ፎቶ ተነስቶ መበተን የተለመደ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ቢያንስ አንድ ሁዳዴና አንድ ክረምት አብራችኋቸው ቆዩ። ስትሄዱ በሥራ ቦታቸው እንጂ ቢሮ አትጥሯቸው፤ ደንበኛም ሲኖር አታቋርጧቸው። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዋናህ ዛሬ ስንት ነው? ያለብህ ዕዳ ስንት ነው? የማታው ብር የት ነው የሚያድረው? ዋናው ከተጎዳ በዚያው ቁጭ ብላችሁ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደጎደለ አብራችሁ ፈልጉ።