ሪማስተር የተደረገን የድሮ አልበም ከቀድሞው ቅጂ ጋር እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ሙዚቃ በፍላሽ የሚያስጭን ሰው ከድሮዎቹ የሶፍት ሮክ አልበሞች አንዱን ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ከአልበሙ ስም አጠገብ «ሪማስተርድ» የሚል ቃል የተጻፈበት ፋይል ይሰጠዋል። ይህ ማለት ዘፈኑ እንደገና ተዘፈነ ወይም መሣሪያዎቹ እንደገና ተቀናበሩ ማለት አይደለም። ተቀላቅሎ ያለቀው የማስተር ክር (ሙዚቃው የተቀረጸበት ዋናው ቴፕ) ዳግም ወደ ዲጂታል ተገልብጦ፣ የቀጭንና የወፍራም ድምፁ ሚዛን እንዲሁም የጩኸቱ መጠን ተስተካክሎ ታተመ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው ከክሩ ይዞታ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የሮክ ባንዱ የፍሊትውድ ማክ አልበም «ሩመርስ» ሲቀረጽ፣ ክሩ ደጋግሞ ከመጫወቱ የተነሣ ሽፋኑ እየተላጠ ቀጭኑ ድምፅ ደብዝዞ ስለነበር፣ ባለሙያዎቹ ኋላ የተጨመሩትን ድምፆች በመጠባበቂያነት ወደተቀመጠ ሌላ ክር ለመገልበጥ ተገደዋል። ያ ሁለተኛ ክር ባይኖር ኖሮ፣ የተላጠውን ድምፅ ዛሬ የትኛውም ሪማስተር አይመልሰውም ነበር።

አድማጭን ይበልጥ የሚያታልለው ግን ጩኸቱ ነው። በተለይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በታተሙ ብዙ ሲዲዎች ላይ ዝቅ ያለው ድምፅ ከፍ እንዲል፣ ከፍ ያለው ደግሞ እንዲታፈን ተደርጓል፤ ጆሮም ከሁለት ቅጂዎች በጥቂቱ ጮኽ ያለውን «ይህኛው ጠርቷል» ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ድምፃዊው ብቻውን የሚሰማበትን አጭር ቦታ መርጠው፣ ድምፁ በሁለቱም ቅጂዎች እኩል እስኪሆን ድረስ የሚጮኸውን ይቀንሱ። ከዚያ ሌላ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎ እያቀያየረ ያጫውትልዎ። አንዱ ፋይል በጣም የተጨመቀ ኤምፒስሪ፣ ሌላው ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠ ፋይል) ከሆነ ግን ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

ለመፈተኛ የሁለቱን ድምፃውያን የሳይመንና ጋርፈንክልን ዘፈን «ብሪጅ ኦቨር ትራብልድ ዋተር» (እ.ኤ.አ. 1970) እመርጣለሁ። ዘፈኑ በፒያኖና በአንድ ሰው ድምፅ ለስለስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ከበሮውና የኦርኬስትራው ባለ ክር መሣሪያዎች (ቫዮሊንና መሰሎቹ) ገብተው ይገዝፋል። መነሻውና መድረሻው እኩል የሚጮኹ ከሆነ ቅጂው ተጨፍልቋል። የጎጃም አዝማሪ ስንኙን ሊጥል ሲል መሲንቆውን ዝቅ እንደሚያደርግ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ መሲንቆው ዝቅ ባይል ኖሮ ኅብረ ቃሉ ከነወርቁ ተውጦ ይቀር ነበር። በዓይን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የድምፁን ሞገድ ያሳያል፦ ጤነኛው ወጣ ገባ ያለ ተራራ ሲመስል፣ የተጨፈለቀው እንደ ጡብ ግድግዳ ደልደል ብሎ ይታያል።

ለዚህ ሥራ ምርጡ ሰዓት፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ መብራት የሚጠፋበት ምሽት ነው፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፣ ፍሪጁም ዝም ይላል፣ ጎረቤት ጄኔሬተር ካላስነሣ በስተቀር።

በተጨማሪ ሲዲዎች የታጀቡት ልዩ እትሞች በአብዛኛው ያልተጠናቀቁ ሙከራዎችን የያዙ ስለሆኑ፣ ዋናው አልበም ብቻ ለሚበቃው ሰው አያስፈልጉም። ፍርድዎን እስኪሰጡ ድረስ ግን አሮጌውን ቅጂ አያጥፉ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን በጩኸቱ ተማርኬ አጥፍቼው፣ በሳምንቱ ያንኑ ፋይል ለማስጫን እንደገና ከፍያለሁ።