ዲዛይንን ከኮንክሪት ሙሌቱ ቀን ወደ ኋላ ማቀድ

የመዋቅር መሐንዲስ ነኝ። በአንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ የአንዱን ወለል ቢሞች፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከሙትን አግዳሚዎች፣ ሦስት ጊዜ ሠርቻቸዋለሁ፤ ስሌቴ ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። የአየር ማናፈሻ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ ሳላውቅ በግምት ጀመርሁ፤ መስመሩ ሲደርሰኝ ባለ 60 ሴንቲ ሜትሩን ቢም መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል። ከዚያ ወዲህ የዲዛይን ብክነትን የምፈልገው ሰዎች በሚጠባበቁበትና የተሠራው በሚደገምበት ቦታ ነው።

ብክነትን እየለዩ የሚያስወግዱበት፣ ሊን የሚባለው አሠራር ከቶዮታ ፋብሪካዎች የመጣ ነው። ተመራማሪው ላውሪ ኮስኬላ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ጥናት ከግንባታ ሥራ ጋር አዛመደው፤ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃወል ደግሞ ላስት ፕላነር የተባለውን የዕቅድ ዘዴ አበጁ። እኔ የምጠቀምበትም እሱን ነው።

ግድግዳ ላይ ረጅም ወረቀት ለጥፉ። አርክቴክቱን፣ መሐንዲሶቹን፣ ከተቻለም ተቋራጩን በአንድ ክፍል ሰብስቡ። በቀኝ ጫፍ የመጀመሪያውን የኮንክሪት ሙሌት ቀን ጻፉና «ይህ እንዲሆን ከማን ምን ያስፈልጋል?» እያላችሁ ወደ ግራ ሂዱ። እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያስረክበውን በራሱ ቀለም ወረቀት ይጻፍ፤ ከሥሩም ለዚያ ከሌላው የሚፈልገውን። ተቀባይ ያልተገኘለትን ሥዕል ከዕቅዱ አውጡት። ተቀባዩም ምን ያህል እንደሚበቃው በራሱ አንደበት ይናገር። እኔ ከአየር ማናፈሻው መሐንዲስ ያስፈለገኝ የቱቦው መስመርና ትልቁ ቁመት ብቻ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አልጠየቅሁትም፣ እሱም ሙሉ ሥዕሉን እስኪጨርስ ያዘው።

ከዚያ በየሳምንቱ ተገናኙ። ቃል ከተገባባቸው 10 ሥራዎች 6ቱ ካለቁ ውጤቱ 60 በመቶ ነው፤ ከፊል የተሠራ አይቆጠርም። ይህን ቁጥር ሰው መገሠጫ እንዳታደርጉት አደራ እላለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ቀላል ቀላሉን ብቻ ቃል ይገባል። ላልተፈጸመው ሥራ ምክንያቱን መዝግቡ፤ ያው ምክንያት ሲመላለስ ካያችሁ ምንጩን አድርቁ።

አማራጮችንም ቶሎ አትጣሉ። ቢም ያለው ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ይሻላል ወይስ ቢም የሌለው? ሁለቱንም ለማነጻጸር የሚበቃውን ያህል ብቻ ሥሩና፣ ውሳኔው ሥራውን ሳያዘገይ ሊቆይ የሚችልበትን የመጨረሻ ቀን ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ) ከሚታዘዝበት ቀን ተነሥታችሁ አስሉ። ከዚያ በፊት መወሰን ችኮላ ነው።

የአንዱ ሥራ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን፣ ለምሳሌ የዓምዱ መጠንና የክፍሉ ስፋት፣ ሥዕል መላላኩን ትታችሁ አንድ ቀን አብራችሁ ተቀመጡ። በግምት የገባች ልኬት ሁሉ በሥዕሉ ላይ ትከበብ፤ አረጋጋጩና የሚያረጋግጥበት ቀን አጠገቧ ይጻፍ። ቀኑ ደርሶ ካልተረጋገጠች በእሷ ላይ የተመሠረተ አንድም ሥዕል ወደ ሳይት አይውጣ።