የምታነሱትን ብረት ስትመዘግቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳር ዳር ጂም እንደ አሸን ፈልቷል። ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ብትሄዱ ከኮንዶሚኒየሙ አጠገብ አንድ አይጠፋም። ወርሃዊውን ከፍሎ፣ ማልዶ ተነስቶ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። የሚቆጨኝ ግን የዚያ ሁሉ ልፋት ማስታወሻ የሌለው መብዛቱ ነው። "ባለፈው ወር ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ) ስንት ኪሎ ነበር የምትሠራው?" ስትሉት "ሃምሳ መሰለኝ" ይላችኋል።

መዝገብ የሚያስፈልገው ለሁለት ጥያቄ ነው። ባለፈው ምን ሠራሁ? ዛሬስ ምን ልሞክር? ደብተርም ይሁን አፕ፣ ባሩ (ብረቶቹ የሚሰኩበት ዘንግ) ፊት እንደቆማችሁ ይህን ቶሎ የማይነግራችሁ ከሆነ ሌላው ነገሩ ሁሉ ትርፍ ነው።

በጭንቅላት እይዘዋለሁ ማለት

አምስት ዓይነት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱን ሦስት ዙር ብትሠሩ 15 ዙር ነው። የእያንዳንዱ ዙር ክብደትና ድግግሞሽ (በዙሩ ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁት) ሲቆጠር 30 ቁጥር ይሆናል። በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ 90። ይህን በቃሉ የሚይዝ ሰው አላውቅም።

ኪሎና ፓውንድን መቀላቀል

እኛ ሰፈር ባሉ ጂሞች መዝገብን የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ብረቶቹ ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው። አንዱ ላይ ኪሎ፣ ሌላው ላይ ፓውንድ ተጽፏል። ሦስተኛው እዚሁ ብረታ ብረት ቤት የተሠራ ስለሆነ ምንም አልተጻፈበትም፣ ወይም ቁጥሩ በቀለም ተሸፍኗል።

አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 45 የተጻፈበት የፓውንድ ብረት 20.4 ኪሎ ይመዝናል፣ 25ቱ 11.3፣ 10ሩ ደግሞ 4.5። በ20 ኪሎ ባር ግራና ቀኝ አንዳንድ ባለ 45 ፓውንድ ብትሰኩ የምታነሱት ወደ 61 ኪሎ ነው። ቁጥሩን ኪሎ መስሏችሁ ከጻፋችሁት 110 ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እውነተኛዎቹን የኪሎ ብረቶች ስታገኙ "አቅሜ ወደቀ" ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በተሳሳተው ቁጥር ተማምናችሁ ከአቅም በላይ መጫን ነው። እሱ ወገብ ይጎዳል።

ባሩም ራሱ ይመዝናል። ለውድድር የሚሠራው ረጅሙ የወንዶች ባር 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። አጭሩና ቀጭኑ ባር ግን ከዚያ በጣም ሊቀል ይችላል። እዚህ የተበየደውማ በግምት አይታወቅም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጂሙ ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ቀጥሎ ባሩን ይዛችሁ ቁሙበት። ልዩነቱ የባሩ ክብደት ነው። ምልክት የሌላቸውን ብረቶችም እንደዚሁ መዝናችሁ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። አሠልጣኙን ብትጠይቁት ደስ ብሎት ያግዛችኋል፣ ለሌላውም ሰው ይጠቅማል።

የማሽን ቁጥር ደግሞ ከዚያው ማሽን ውጭ ትርጉም የለውም። ገመዱ የሚያልፍበት ፑሊ አሠራር ክብደቱን በግማሽ ሊያቀለው ይችላል። ስለዚህ ጂም ስትቀይሩ ለማሽኖቹ አዲስ ገጽ ክፈቱ። የድሮውን ቁጥር አታሳድዱ።

አፕን በመልኩ መምረጥ

ስትሮንግ እና ሄቪ የሚባሉት ጥሩ አፖች ናቸው። ግራፍ ይሠሩላችኋል፣ የእረፍት ሰዓት ይቆጥራሉ። ነገር ግን በነጻ የሚያስቀምጡላችሁ ፕሮግራም በቁጥር የተገደበ ነው። ከዚያ በላይ ስትፈልጉ ክፍያ ይመጣል፣ ለውጭ ግብይት የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። ለአንድሮይድ የተሠራው ፊትኖትስ ቀለል ያለ ነው። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ መረጃውንም ስልካችሁ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ስልኩ ከጠፋና ቅጂ ካላስቀመጣችሁ መዝገቡም አብሮ ሄደ።

አፕ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? ኪሎና ፓውንድ መቀየር ይችላል? የጻፍኩትን አውጥቼ ሌላ ቦታ መውሰድ እችላለሁ? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ሲቆይ ግን ዋናው እሱ ነው።

ለጀማሪ የኔ ምክር ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። መብራት ቢሄድ፣ ቻርጅ ቢያልቅ ግድ የለውም። በየዙሩ መሀል ስልክ ከፍታችሁ ቲክቶክ ውስጥ ከመስመጥም ያድናችኋል። አንዳንዶች ቴሌግራም ላይ ለራሳቸው መልእክት እየላኩ ይመዘግባሉ። እሱም አይከፋም። ስልክ ቢጠፋ አይጠፋም፣ የእንቅስቃሴውን ስም ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ግራፍ ግን አትጠብቁ።

ሁሉንም ለመጻፍ መሞከር

የልብ ምት፣ የእረፍት ሰከንድ፣ ካሎሪ፣ ስሜት... በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። አንድ መስመር ይበቃል፦ "ስኳት 50 ኪሎ፣ 8፣ 8፣ 7፣ ሁለት ይቀረኝ ነበር።" የመጨረሻዋ ሐረግ ትልቅ ጥቅም አላት። ከመዛላችሁ በፊት ስንት ድግግሞሽ ይቀራችሁ እንደነበር ትነግራችኋለች። በዚያው 50 ኪሎ ባለፈው ምንም ካልቀራችሁና ዛሬ ሦስት ከቀራችሁ፣ ቁጥሩ ባይጨምርም ጠንክራችኋል።

አሠራሩንም ጨምሩበት። ግማሽ ወርዶ የተሠራ 80 ኪሎ ስኳትና ጭን ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን ተወርዶ የተሠራ 60 ኪሎ አንድ ገጽ ላይ አይወዳደሩም። "ግማሽ" ወይም "ሙሉ" ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

ከባዱን ክብደት ብቻ መቁጠር

ጓደኛ ሲያይ አንዴ ከባድ ማንሳት ደስ ይላል። በየሳምንቱ እሱን እየፈተኑ እድገትን መለካት ግን ያደክማል፣ ለጉዳትም ያጋልጣል። አሜሪካዊው የጥንካሬ አሠልጣኝ ቦይድ ኤፕሊ ያወጣው ቀመር እዚህ ላይ ይረዳል። ድግግሞሹን ለ30 አካፍሉ፣ አንድ ጨምሩበት፣ በክብደቱ አባዙት። አንዴ ብቻ ልታነሱት የምትችሉትን ክብደት በግምት ይሰጣችኋል። 50 ኪሎ አምስት ጊዜ የሚያነሳ ሰው ወደ 58 ኪሎ ይሆንለታል። ያንኑ 50 ስምንት ጊዜ ሲያነሳ ወደ 63 ይደርሳል። አንድም ብረት ሳይጨምር አድጓል ማለት ነው። ድግግሞሹ ከአሥር ሲያልፍ ግምቱ እየራቀ ስለሚሄድ ያኔ አትመኑት።

ሚዛንና መስታወት ላይ ብቻ መተማመን

የሰውነት ክብደት በውሃ፣ በጨውና በምግብ ምክንያት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳን አንድ ሁለት ኪሎ ይወጣል ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጥንካሬም በአብዛኛው ጡንቻ ከመወፈሩ የመጣ አይደለም። ነርቮች ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው። መስታወቱ ምንም ባያሳይ ተስፋ የሚቆርጥ ጀማሪ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ደብተሩ ቢኖረው እድገቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው ነበር።

ጾሙን አለመጻፍ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ 15 ቀን። ረመዳን አንድ ወር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው፣ ሥጋና እንቁላልም ትቶ፣ በማይጾምበት ጊዜ የሚያነሳውን ብረት አላነሳሁም ብሎ ራሱን ቢወቅስ ትክክል አይደለም። ከቀኑ አጠገብ "ጾም" ብላችሁ ጻፉ። በዚያ ወቅት የነበራችሁበትን ክብደት ይዞ መቆየት ራሱ ጥሩ ውጤት ነው። የዘንድሮውን ሁዳዴ ከአምናው ሁዳዴ ጋር ማነጻጸር ደግሞ ትክክለኛውን ነገር ያሳያችኋል። እንቅልፍ ያጣችሁበትን፣ ያመማችሁንም ቀን እንዲሁ በአንድ ቃል አመልክቱ።

ቀኑንም በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ደብተሩ ላይ በኢትዮጵያ፣ አፑ ላይ በፈረንጅ ከሆነ ኋላ ማገናኘቱ ራስ ምታት ነው።

ጽፎ አለማንበብ

ደብተሩ ሞልቶ አንዴም ወደ ኋላ የማይገለጥ ከሆነ ጉልበት ማባከን ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያለፈውን ገጽ እዩ። በየአራት ሳምንቱ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ዋና ዋናዎቹን እንቅስቃሴዎች ብቻ አነጻጽሩ። አንዱ ለሦስት ሳምንት ከቆመ በመጀመሪያ እንቅልፍና ምግባችሁን ፈትሹ። እሱ ደህና ከሆነ አንድ ዙር ጨምሩ፣ ወይም ክብደቱን ትንሽ ቀንሳችሁ ድግግሞሹን ከፍ አድርጉ። ሁለቱን ባንዴ አትቀይሩ፣ የትኛው እንደሠራ ከደብተሩ ላይ መለየት አትችሉም።