ቀላሉ የሊቲየም ባትሪ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የስፖርት መኪና የሚወድ ሰው ኪሎ ይቆጥራል። ወንበር ይቀይራል፣ ቀላል ቸርኬ ያስገባል፣ ትርፍ ጎማውን ቤት ትቶ ይወጣል። በ10 ቁጥር ቁልፍና በግማሽ ሰዓት ሥራ ግን ብዙ ኪሎ የሚቀንሰው ባትሪው ነው። ፖርሽ በ2010 እ.ኤ.አ. ለ911 ጂቲ3፣ ለጂቲ3 አርኤስና ለቦክስተር ስፓይደር የሊቲየም ማስነሻ ባትሪ በአማራጭነት አቅርቦ ነበር። ክብደቱ ከ6 ኪሎ በታች ነው። ከተለመደው የ60 አምፔር-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው መጠን መለኪያ ነው) ባትሪ በ10 ኪሎ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያን ጊዜ ለገዢው የተለመደው ባትሪም አብሮ ይሰጠው ነበር፤ ብርድ ሲመጣ እንዲቀይረው።

እኔ የምነዳው የ1990ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው፤ የምኖረውም ቨርጂኒያ። የዚህ መኪና ባትሪ ከኋላ፣ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ወደ ሊቲየም ከቀየርኩት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከራሴም ከጓደኞቼም መኪና የተማርኩት ይህንን ነው፦ «ሞተ» የተባለ የሊቲየም ባትሪ ብዙ ጊዜ አልሞተም። እንደ ተለመደው የእርሳስ (ሊድ-አሲድ) ባትሪ ስለተያዘ ነው ያኮረፈው። ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) አውጡና ለኩ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ስለሚባለው ዓይነት ነው። ለመኪና ማስነሻ በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው። ውስጡ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ 4 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። ድምሩ 12.8 ቮልት ይመጣል። አብዛኞቹ ሴሎቹን የሚጠብቅ ቢኤምኤስ የተባለ መቆጣጠሪያም አላቸው።

ቴስተሩ 12.6 ቮልት ያሳያል፣ መኪናው ግን አይነሳም

ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። በእርሳስ ባትሪ 12.6 ማለት ሙሉ ማለት ነው። በሊቲየም ግን ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ሙሉ የሆነ ሊቲየም ከቻርጀር ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 13.3 ወይም 13.4 ያሳያል። 13.1 እና 13.2 ላይ ሆኖ አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰጣል። ከ12.8 በታች ከወረደ በኋላ ግን ቁልቁለት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። 12.6 ካያችሁ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ደጋግማችሁ አትሞክሩ። በሊቲየም ቻርጀር ሙሉት። ከዚያ አሳርፋችሁ እንደገና ለኩ። 13.3 ላይ ከቆየ ባትሪው ደህና ነው። በአንድ ሌሊት ወደ 12 ቮልት ከተመለሰ ግን አንዱ ሴል ተጎድቷል። መኪናው ላይ ሳይታሰር እንኳ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ዋስትናውን ፈልጉ።

በብርድ ጠዋት ሞተሪኖው ይጎተታል

ሊቲየም ሲበርደው ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው «ኡ... ኡ...» ይልና ይቆማል። ሰው ደንግጦ ወዲያው ከሌላ መኪና ባትሪ ማስነሻ ኬብል ይፈልጋል። ኬብል ግን አያስፈልግም። የፊት መብራት ለአንድ ሁለት ደቂቃ አብሩ። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ከውስጥ ይሞቃል። ከዚያ ሞክሩ። የመጀመሪያው ሙከራ ራሱ ስለሚያሞቀው ሁለተኛው የተሻለ ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከእርሳስ ባትሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እርሳስ በሞከራችሁት ቁጥር ይደክማል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከ0 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘን ሊቲየም ቻርጀር ላይ አትሰኩ። ሊቲየሙ ወደ ሴሉ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ይህ ጉዳት አይመለስም። ጥሩ ቢኤምኤስ ያላቸው በራሳቸው እምቢ ይላሉ፤ ሁሉም ግን ይህ የላቸውም። ባትሪውን ፈትታችሁ ቤት አስገቡት፤ ቀላል መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ሲሞቅ ሙሉት። ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ለምትኖሩ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። በበረዶው ወራት የድሮውን ባትሪ መልሱ። ፖርሽም ያሰበው ይህንኑ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆሞ ድርቅ ብሎ ጠበቀኝ

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ እኔም የደረሰብኝ ይኸው ነው። ከሁለት ሳምንት ጉዞ ተመልሼ በሩን ስከፍት መብራት የለም። ቴስተሩ 0.4 ቮልት አሳየኝ። አንድ ጋራዥ ወስጄ ባሳየው «አልቋል፣ ጣለው» አሉኝ። ልጥለውም ተነስቼ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። ሳጥኑ ላይ «60» ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር የማስነሻ ጉልበቱን ከእርሳስ ጋር ለማወዳደር የተጻፈ ነው እንጂ በውስጡ ያለው አይደለም። እውነተኛው አምፔር-ሰዓት 18 ወይም 20 ሊሆን ይችላል። የፖርሽም 18 ነበር። ሞተር ለማስነሳት ይበቃል። ቆሞ ለሚውል መኪና ግን ትንሽ ነው።

መኪና ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ይበላል፦ ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ ሬዲዮው። 50 ሚሊ አምፔር ቢበላ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ነው። 60 አምፔር-ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ በዚህ አያያዝ 50 ቀን ይቆያል። 20 ያለው ግን በ16 ቀን ባዶ ይሆናል። የእኔ መኪና ሲለካ 90 ሚሊ አምፔር ይበላ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ያስገጠመው አላርም ነው። ዘጠኝ ቀን ብቻ!

0.4 ቮልት ያሳየኝ ደግሞ ሴሎቹ ስለሞቱ አልነበረም። ቢኤምኤስ ሴሎቹ እንዳይጎዱ ከውስጥ በሩን ዘግቶት ነው። ከውጭ ሲለካ የሞተ ይመስላል። ውስጡ ግን በሕይወት አለ።

መጀመሪያ ቀስቅሱት። አንዳንዱ ባትሪ የመቀስቀሻ ቁልፍ አለው፤ ትጫኑታላችሁ፣ ያስቀረውን ትንሽ ጉልበት ይሰጣችኋል። ከሌለው ከ0 ቮልት የሚነሳ የሊቲየም ቻርጀር ያስፈልጋል። ተራ ቻርጀር ቮልት ካላየ «ባትሪ የለም» ብሎ ሥራ አይጀምርም። የእኔን በዝቅተኛ አምፔር አስጀምሬ ሌሊቱን ተወኩት። ጠዋት 13.4። ያ «ጣለው» የተባለው ባትሪ ዛሬም መኪናው ላይ ነው። ነገር ግን ቢኤምኤስ የሌለው ባትሪ ሆኖ ከ8 ቮልት በታች ከወረደ ለማዳን አትታገሉ። ሴሎቹ ተጎድተዋል፤ እነሱን መሙላት አደጋ አለው።

ቀጥሎ መኪናው ጠፍቶ ባትሪውን የሚበላውን ሌባ ፈልጉ። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉ። የኔጋቲቩን ሞርሴቶ (ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረውን) ፍቱና ቴስተሩን በመካከል አስገቡ፤ አንዱ ዘንግ ባትሪው ላይ፣ ሌላው ገመዱ ላይ። በሮቹ የተዘጉ ይምሰሉ፤ የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፋ ማድረግ ይበቃል። የድሮ መኪና ከሆነ ጥቂት ደቂቃ፣ አዲስ ከሆነ እስከ 40 ደቂቃ ጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ። ከ50 ሚሊ አምፔር (0.05 አምፔር) በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ ዱብ ያለበት መስመር ላይ ነው ሌባው ያለው። በዚህ መሀል ቁልፉን አዙራችሁ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ። የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

መኪናችሁን የምትነዱት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ ኔጋቲቩን በአንድ ጣት የሚያላቅቅ ማጥፊያ ግጠሙ። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ፖርሽ 911 ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር። ባትሪው የፊት ኮፈን ውስጥ ነው። ኮፈኑ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይከፈታል። 997 በሚባለው የ911 ሞዴል ላይ በሹፌሩ እግር አጠገብ ያለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ የምትጎትቱት ፖዘቲቭ አለ። ከሌላ ባትሪ ፖዘቲቩን እዚያ፣ ኔጋቲቩን የመኪናው ብረት አካል ላይ ያዙና ኮፈኑን ክፈቱ። ይህ መስመር ለኮፈኑ ብቻ ነው፤ መኪና ለማስነሳት አይሆንም።

በኬብል አስነሳሁት፣ ከዚያ ዲናሞው ተቃጠለ

ባዶ የሆነ ሊቲየም ሲሞላ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል። እርሳስ እንዲህ አይደለም፤ በዝግታ ነው የሚወስደው። የድሮ ኤምኤክስ-5 ዲናሞ ከ60 እስከ 70 አምፔር ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ባዶ ባትሪ አሲዛችሁ ስትነዱት ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል፤ ይግላል፣ ይቃጠላል። ባዶ ሊቲየምን ቤት በቻርጀር ሙሉ። ዲናሞ የጎደለውን መመለሻ ነው።

ሞተሩ ዙር ሲጨምር መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ

ይህን አትናቁ። ሞተሩን አስነሱና ባትሪው ላይ ለኩ። በዝግታ ሲዞር፣ ከዚያም በ3,000 ዙር። ከ14 እስከ 14.6 መካከል ከሆነ መልካም። 15 እና ከዚያ በላይ ካሳየ የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ተበላሽቷል። እርሳስ ባትሪ ይህን ጥፋት ለወራት ችሎ ይደብቀዋል። ሊቲየም አይችልም፤ ቢኤምኤስ ራሱን ያላቅቃል። ያን ጊዜ የዲናሞው ቮልት ወደ ላይ ተፈናጥሮ መብራቱንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ባትሪውን አትቀይሩ። ሬጉሌተሩን ቀይሩ።

ቮልቱ ትክክል ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሞርሴቶዎቹን በእጃችሁ ነቅንቁ። የሊቲየም ሳጥን ትንሽ ስለሆነ በድሮው ቦታ ላይ ይዋልላል። ጠንካራ ፎም ወይም ከባትሪው ጋር የመጣውን መሙያ አስገቡና እሰሩት። የሚያስረው ብረት ፖዘቲቩን እንዳይነካ።

በነዳሁት ቁጥር ባትሪው ይወርዳል

የአዳዲስ መኪኖች ጉዳይ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ዲናሞውን ያዳክማሉ፤ መንገድ ላይ 12.8 ወይም 13 ቮልት ይሰጣሉ። እርሳስ በዚህ ይኖራል። 13.3 ላይ የሚያርፍ ሊቲየም ግን ከእሱ በታች በሆነ ቮልት አይሞላም። ኔጋቲቩ ላይ ትንሽ ሴንሰር ካያችሁ መኪናችሁ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ቢኤምደብሊውን የመሰሉት አዲስ ባትሪ ሲገባ በኮምፒውተር እንዲመዘገብላቸው ይፈልጋሉ። ዓይነቱንና አምፔር-ሰዓቱን አስመዝግቡ። መኪናው የሊቲየም ምርጫ ከሌለው እኔ ብሆን እርሳሱን አልነካም።

ሳጥኑ አበጠ

ወዲያው ፍቱት። አትሙሉት፣ አትብሱት። ከቤት ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ባትሪ ለሚሰበስብ ቦታ ስጡ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ቻርጀር ነው፤ እርሳስን «የሚያድስ» ምርጫ ያለው ቻርጀር ከ15 ቮልት በላይ ይልካል፤ ለሊቲየም መርዝ ነው። ሌላው ሙቀት ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ በበጋ መኪና ቆሞ፣ ባትሪውም ከሞተሩ ጎን ከሆነ 60 ዲግሪ ማለፍ አይከብድም። እዚያ የምትኖሩ ባትሪው ከሞተር ርቆ በሚቀመጥበት መኪና ላይ ብቻ ሞክሩት።

ለወንድሜ ስወስድለት አየር ማረፊያ ላይ ቀረ

ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችን ውስጥ የማይገባ ዕቃ የለም። ይህ ግን አይገባም። ለመንገደኛ የሚፈቀደው በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160 ዋት-ሰዓት ነው። የዚህ ግን 12.8 ቮልት በ20 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 256 ዋት-ሰዓት ይመጣል። በካርጎ ሲሄድም እንደ አደገኛ ዕቃ ተመዝግቦ፣ በሚፈቅድለት አውሮፕላን ነው። ሻንጣችሁን ከማሰራችሁ በፊት የጭነት አስተላላፊ ጠይቁ። ከደረሰም በኋላ አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ያን ያህል አያስቸግረውም። ባለቤቱ ክፍለ አገር ሲሄድ ኔጋቲቩን ፈትቶ እንዲሄድ ግን ንገሩት።