የድሮ የፋብሪካ ፊልም በሰከንድ በስንት ፍሬም ይሂድ?

የፊልም ፈር ቀዳጁ ፈረንሳዊ ሉዊ ሉሚየር በ1895 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ ከቤተሰቡ ፋብሪካ ሲወጡ የቀረጻቸው ሠራተኞች በብዙ ቅጂ ላይ የሚሮጡ ይመስላሉ። አልሮጡም። ካሜራው በእጅ ይዞር ነበር፤ አንድ ዙር 8 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በሰከንድ ሁለት ዙር ገደማ፣ ማለትም 16 ፍሬም። ይህንኑ ለድምፅ ፊልም መደበኛ በሆነው በ24 ፍሬም ስታሳዩት የፊልሙ 50 ሰከንድ ወደ 33 ይወርዳል። የሰዎችን ሥራ በሚያሳይ ፊልም ላይ ይህ ከባድ ጥፋት ነው፤ ተመልካቹ የሚያየው ያልነበረ ጥድፊያ ነውና።

መጀመሪያ ፋይሉን ፍሬም በፍሬም ተመልከቱ። በየሦስቱ ፍሬም አንዱ የቀደመው ድጋሚ ከሆነ 16ቱ ወደ 24 ተለጥጠዋል፤ ድጋሚዎቹን አውጡ። አንድ እጅ እንደ ጥላ ተደርቦ ከታየ ግን ፍሬሞቹ ተቀላቅለዋል፤ ማለትም ሁለት ተከታታይ ፍሬሞች በአንድ ምስል ላይ ተደርበዋል። ይህ በንጹሕ አይመለስም፤ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።

ቀጥሎ እርምጃ ቁጠሩ። ተረጋግቶ የሚሄድ ሰው ያው ተረከዙ መሬት ነክቶ ዳግም እስኪነካ አንድ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ በመካከል ያሉት ፍሬሞች ቁጥር ራሱ ፍጥነቱን ይነግራችኋል፦ 16 ወይም 17 ከሆነ ፊልሙ ወደ 16 ይጠጋል። አሥር ሰው ቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ። ካሜራው ፊት የሚሯሯጡ ልጆችን ተዉአቸው። እንግሊዛውያኑ ፊልም ሠሪዎች ሚቸልና ኬንየን ከ1900 እስከ 1913 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን እንግሊዝ በቀረጿቸው የፋብሪካ በር ፊልሞች ላይ እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተዋል፤ ፊልሙ የሚቀረጸው ሰው ራሱን ለማየት ከፍሎ እንዲገባ ስለነበር ሁሉም መታየት ይፈልግ ነበር።

ግምታችሁን በሚወድቅ ነገር አረጋግጡ። ከአንድ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ የድንጋይ ከሰል በ0.45 ሰከንድ መሬት ይደርሳል፦ በ16 ፍሬም 7፣ በ18 ፍሬም 8፣ በ24 ፍሬም 11 ያህል። ጥጥና ወረቀት አየር ያዘገያቸዋል። መዶሻም አይሆንም፤ ክንድ ወይም እንፋሎት ይገፋዋል።

በመንኮራኩር ፈጽሞ አትለኩ። 8 ዘንግ ያለው መንኮራኩር በሰከንድ ሁለቴ ሲዞር በ16 ፍሬም የቆመ ይመስላል፤ ትንሽ ቢዘገይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚዞር። ይህ ቀረጻው ላይ የታተመ ስለሆነ የማሳያ ፍጥነት በመቀየር አይስተካከልም። የማሽን ቺንጊያም ስፌቱ ካልታየ ምንም አይነግራችሁም።

ቁጥሩን ስታገኙ በማቀናበሪያው ሶፍትዌር ውስጥ ፋይሉ በዚያው ቁጥር፣ ለምሳሌ በሰከንድ 16 ፍሬም፣ ተብሎ እንዲነበብ አድርጉ። «ፍጥነት 67 በመቶ» ካላችሁት ሶፍትዌሩ ፍሬም ሊደግም ወይም ሊቀላቅል ይችላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት መካከለኛ ፍሬም ማስፈጠርንም አንመክርም፤ በሽመና መኪና ላይ የመወርወሪያውንና የጣቶችን እንቅስቃሴ ከራሱ ይፈጥራል።

የአዟሪው እጅ ስለሚደክምና ስለሚፈጥን አንድ የፊልም ጥቅል ውስጥ እንኳ ፍጥነቱ ይለያያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀረጻ ለብቻው ቆርጣችሁ ለኩ፤ ያገኛችሁትን ቁጥር በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ፤ ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ።