ሊኑክስ ላይ «ሼርድ ላይብረሪ የለም» የሚል ኤረር ሲመጣ

ፕሮግራሙ ያለ ምንም ችግር ተጫነ። ስታስነሱት ግን ተርሚናሉ አንድ መስመር ጽፎ ቀጥ ይላል፦ «ሊብኤስኤስኤል ዶት ኤስኦ ዶት 1.1» የሚባል ፋይል ሊከፈት አልቻለም። ፋይሉ ሼርድ ላይብረሪ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ ማለት ነው። ይህን ስም ከነቁጥሩ ገልብጣችሁ ያዙት። የቀረው ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

መጀመሪያ የጎደለውን ሁሉ በአንዴ እዩ። ኤልዲዲ የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ አስከትሉ። የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ይዘረዘራሉ፤ የሌሉት አጠገባቸው «ኖት ፋውንድ» ይላል። ምንጩን በማታምኑት ፋይል ላይ ግን ኤልዲዲን አትሞክሩ፤ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ለዚያ ሪድኤልፍ ይሻላል፤ ሳያስነሳ ያነበዋል።

ቀጥሎ ፋይሉ በየትኛው ፓኬጅ (ተዘጋጅቶ በሚጫን የሶፍትዌር ጥቅል) ውስጥ እንዳለ ፈልጉ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አፕት-ፋይል፣ ፌዶራ ላይ ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ ይነግራችኋል። ፓኬጁ ካለ ጫኑት፣ አለቀ። ነጠላ ፋይል ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ መለጠፍን ግን በፍጹም አልመክርም።

ከባዱ ፓኬጁ ሳይገኝ ሲቀር ነው። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሊብኤስኤስኤል የኦፕንኤስኤስኤል አካል ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 የመጣው ከኦፕንኤስኤስኤል 3 ጋር ነው፤ 1.1 የለውም። እኔ ደግሞ «ያው ላይብረሪ ነው፣ ቁጥሩ ነው የተለየው» ብዬ በ1.1 ስም ወደ 3 የሚያመለክት ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ስም) ሠራሁ። ኤረሩ ጠፋ፤ ወዲያው ሌላ መጣ፦ «ኦፕንኤስኤስኤል 1_1_0 የሚባል ቨርዥን አልተገኘም»። ያኔም አልገባኝም። ሌላ ላይብረሪ ላይ ያንኑ ደገምኩት፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ተነሳ፣ ከዚያ ሥራ መሃል በሴግፎልት (በተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀም) ይወድቅ ጀመር። ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ስፈልግ ሁለት ቀን ባከነ።

ከኤስኦ በኋላ ያለው ቁጥር ቃል ኪዳን ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ላይብረሪው ከፕሮግራሞች ጋር የሚገናኝበት መንገድ ተቀይሯል፣ የድሮው ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር አይግባባም ማለት ነው። ስለዚህ ለስርጭታችሁ (ለምትጠቀሙበት የሊኑክስ ዓይነት፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ) የተዘጋጀውን የፕሮግራሙን ቨርዥን ፈልጉ፤ ከሌለ ከሶርስ ኮዱ እንደገና ገንቡት፤ ያም ካልሆነ የድሮውን ስርጭት በኮንቴይነር (ከዋናው ሲስተም በተነጠለ ክፍል) ውስጥ አስኪዱ። የድሮውን ፓኬጅ ከድሮ ስርጭት አምጥቶ መጫንም ይቻላል፤ ነገር ግን የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ነፃ የደኅንነት ድጋፍ በ2023 ተቋርጧል። ኢንተርኔት ላይ ለሚውል ማሽን እኔ አላደርገውም።

አንዳንዴ ደግሞ ላይብረሪው አለ፣ ሲስተሙ ነው ያላየው። ከሶርስ ኮድ ገንብታችሁ ከሆነ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር የሚያድሰውን ኤልዲኮንፊግን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) አስኪዱ፤ ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል። ላይብረሪ የሚፈለግበትን ቦታ የሚጠቁመውን ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የተባለውን ቅንብር ለሙከራ ብቻ ተጠቀሙበት። ተርሚናል በከፈታችሁ ቁጥር በሚነበበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ካስቀመጣችሁት ሌሎች ፕሮግራሞችም የማይመለከታቸውን ላይብረሪ ያነሳሉ። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ላይብረሪ እንደማይከፍትም አትርሱ።

ኤረሩ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። ኡቡንቱ 20.04 ያለው 2.31 ነው፤ ዋናውን የሲ ላይብረሪ (ጂሊብሲን) በእጅ መቀየር ሲስተሙን ይገድለዋል። ፋይል መቅጃውም ሱዶውም የሚሠሩት በእሱ ስለሆነ የምትጠግኑበት መሣሪያ እንኳ አይቀርላችሁም። እዚህ ላይ ወይ ስርጭቱን አሳድጉ፣ ወይ ኮንቴይነር ተጠቀሙ።

ሲጨርሱ ኤልዲዲን እንደገና ማስኬድ ነው። «ኖት ፋውንድ» የሚል መስመር ከሌለ ፕሮግራሙን አስነሱት።